ስለ ባሕር ቀንድ አውጣ፣ ስለ መርከብ ቀለምና ስለ ሆርሞን
(በኪርያት ሀሻሮን፣ ናታንያ፣ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



ቀኑን ሙሉ በሥራና በኡልፓን ደክማችሁ፣ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ስለመጣችሁ በማኅበሩ ስም አመሰግናለሁ። ባለፉት ስብሰባዎቻችን ስለ ማሽካንታ፣ ስለ ትምህርት ቤት ምዝገባና ስለ መብራት ክፍያ ተነጋግረናል። የዛሬው ስለ ባሕር ቀንድ አውጣ ነው። አንዳንዶቻችሁ ስትስቁ አያለሁ። መሳቅ ይቻላል፤ ግን ነገሩ እንዴት እንደ ተነሳ ልንገራችሁ።

ከፔሳሕ በዓል በኋላ የሰፈራችንን ልጆች ይዘን በአውቶቡስ ወደ ናታንያ ባሕር ዳር ወርደን ነበር። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ባሕር ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። በኪሳቸው፣ በባርኔጣቸው፣ በጫማቸው ሳይቀር ዛጎል ሞልተው ተመለሱ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን አንዲት እናት ወደ ማኅበሩ መጥታ፣ «ከእንግዲህ ልጄን ወደ ባሕር አልሰድም፤ ዓሣም ቤቴ አይገባም» አለችኝ። ምክንያቱን ብጠይቃት፣ የስምንት ዓመት ልጇ «በባሕሩ ውስጥ ሴቱን ወንድ የሚያደርግ መርዝ አለ» የሚል ነገር ከትምህርት ቤት ሰምታ መጥታለች። ማታ ማታ እንቅልፍ አልወስዳት እያለ «እማዬ፣ ዛጎሉን ነክቻለሁ፤ ወንድ ልሆን ነው?» እያለች ታለቅሳለች። እናትየውም ዛጎሎቹን ሰብስባ ከቆሻሻ ጨመረቻቸው። ወሬው ከአንድ ቤት ወደ ሌላው ተዛምቶ በሚቀጥለው ጉዞ ላይ ከተመዘገቡት ልጆች ግማሾቹ ቀሩ።

ነገሩን ስመረምረው ወሬው ከባዶ አልተነሣም። አስተማሪዋ ያስተማረችው እውነት ነው። ነገር ግን ትምህርቱ የተሰጠው በዕብራይስጥ ነው፤ ልጅቷ ወደዚህ አገር ከገባች ገና ሰባት ወሯ ነው። ግማሹን ሰማች፤ ግማሹን ጓደኞቿ ሞሉላት። ከቁፓት ሆሊም የመጣ ደብዳቤ በልጅ አፍ ሲተረጎም ምን እንደሚሆን ሁላችንም የምናውቀው ነው። እኔ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳይንስ ለማስተማር የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ የቀረውን ግማሽ ዛሬ እኔ ልሙላው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመርከብ ሆድ ነው። በባሕር ውስጥ ምንም ነገር ንጹሕ ሆኖ አይቆይም። ድንጋይም ሆነ ብረት ወይም እንጨት ጥቂት ሳምንት ከቆየ በመጀመሪያ የሚያዳልጥ አረንጓዴ ነገር ይለብሰዋል፤ ቀጥሎ ባለ ቅርፊት ትንንሽ እንስሳት እየመጡ ይጣበቁበታል። በጣና ላይ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ታንኳቸውን ከውሃ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። የብረት መርከብ ግን እንደዚያ አይደለም። ሆዱ በእንስሳ የተሸፈነ መርከብ ሻካራ ስለሚሆን ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ነዳጅም ይበላል። ስለዚህ የመርከብ ባለቤቶች ከጥንት ጀምሮ የመርከባቸውን ሆድ በመዳብም በሌላም ነገር ሲለብጡ ኖረዋል። በ1960ዎቹ ዓመታት ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ የተባለ ቀለም ወጣ። በውስጡ ትሪቡቲልቲን የሚባል፣ ቆርቆሮ ከሚባለው ማዕድን የተሠራ መርዝ አለበት። ስሙ ረጅም ስለሆነ ባጭሩ ቲቢቲ እያልኩ እጠራዋለሁ። ቀለሙ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውሃው እየለቀቀ የሚጠጋውን ሁሉ ይገድላል። ርካሽ ነው፤ ለዓመታትም ይሠራል። ከትንሽ ጀልባ እስከ ትልቅ ጫኝ መርከብ በዓለም ዙሪያ ሁሉም ተቀባው።

እዚህ ላይ ከአገራችን ጋር የሚያገናኝ አንድ ነገር አለ። እነዚህ የቆርቆሮ መርዞች በዚያው ዘመን በአፍሪካ ሌላ ሥራ ላይ ተሞክረው ነበር። ብልሃርዝያን የምታስተላልፈውን የወንዝ ቀንድ አውጣ ለመግደል ማለት ነው። ብልሃርዝያ ምን እንደሆነ ከጣና ዙሪያ ለመጣችሁ መንገር አያስፈልግም፤ ወደዚህ አገር ስንገባም ሐኪሞች ስለ እርሱ መርምረውናል። በዚያው ጊዜ፣ በ1964፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ዐድዋ ላይ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ይንሳፈፋሉ። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ያነጡበት የነበረው እንዶድ የብልሃርዝያን ቀንድ አውጣ ይገድላል ማለት ነው። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በዚህ ሥራ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸልመዋል። እንዶድም ቢሆን መርዝ ነው፤ ዓሣም ይገድላል። ልዩነቱ እንዶድ ውሃ ውስጥ ሲገባ በጥቂት ቀን ይበሰብሳል፤ ሥራውን ሠርቶ ይጠፋል። ቲቢቲ ግን በወደብ ሥር ባለው ጭቃ ውስጥ ከገባ ብዙ ዓመት ይቀመጣል።

ታዲያ ምን አደረገ? ስለ ሰውነት ክፍል በግልጽ ስለምናገር ሽማግሌዎች ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ነገሩ ሳይባል ሊገባ አይችልም።

በ1970 በእንግሊዝ አገር፣ ፕሊመዝ በምትባለው የወደብ ከተማ፣ አንድ ተመራማሪ በድንጋይ ላይ የሚኖሩ የባሕር ቀንድ አውጣዎችን ሲመረምር ሴቶቹ የወንድ ብልት አብቅለው አገኛቸው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ በሌላ ዓይነት ቀንድ አውጣ ላይ ተመሳሳይ ነገር ታየ። ምክንያቱን ለማወቅ ዓመታት ወስዷል፤ ከጀልባ ማቆሚያዎች ርቀው ያሉት ጤነኞች፣ ቅርብ ያሉት የተለወጡ መሆናቸው ግን መንገዱን አሳየ። ቀለሙ ነበር። ሴቷ ቀንድ አውጣ ሴትነቷን አትተውም፤ እንቁላሏም በሆዷ ውስጥ አለ። በላይዋ ላይ ግን የወንድ አካል ይበቅልባታል። በባሰ ጊዜ ይህ የበቀለው ነገር እንቁላል የሚወጣበትን መንገድ ይደፍነዋል። መውለድ አልቻለችም ማለት ነው፤ እንቁላሉ በውስጧ ታፍኖ እርሷም ትሞታለች። በእንግሊዝ ጠረፍ ከነበሩት የዚህ ቀንድ አውጣ መኖሪያዎች አንዳንዶቹ በዚህ ምክንያት ጨርሰው ባዶ ሆኑ።

መጠኑን ልንገራችሁ፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ እርሱ ነውና። ይህን ለማድረግ የሚበቃው በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ የሚሆን ቲቢቲ ነው። አንድ ግራም ማለት በጣት የምትቆነጠር ጨው ናት። ያቺን ቁንጥጫ በአንድ ቢሊዮን ሊትር ውሃ፣ ማለትም በ400 ትልልቅ የኦሎምፒክ መዋኛዎች ውስጥ በጥብጧት። ያ ውሃ ለቀንድ አውጣዋ ይበቃታል። ቀንድ አውጣዋ ወዲያው አትሞትም፤ ትበላለች፣ ትሄዳለች። ጥፋቱ የሚታወቀው ልጆች ሳይወለዱ ሲቀሩ ነው።

በፈረንሳይ አርካሾን በሚባል የባሕር ወሽመጥ ደግሞ ኦይስተር የሚባለውን ባለ ዛጎል እንስሳ የሚያረቡ ሰዎች ነበሩ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለተከታታይ ዓመታት ጫጩቶቹ አልተረፉም፤ ያደጉትም ዛጎላቸው እየወፈረ ሥጋቸው ኰሰሰ፤ ለገበያ የሚሆን ጠፋ። ብዙ ቤተሰብ ከሥራ ወጣ። የፈረንሳይ መንግሥት በ1982 ርዝመታቸው ከ25 ሜትር በታች የሆኑ ጀልባዎች ይህን ቀለም እንዳይቀቡ ከለከለ። ኦይስተሩም ተመልሶ ተራባ። ልብ በሉ፤ መንግሥት የተንቀሳቀሰው ቀንድ አውጣ ስለታመመች አይደለም፤ የሰው ገበያ ስለተጎዳ ነው። የቀንድ አውጣዋ ወሬ ከተሰማ ያን ጊዜ ዐሥራ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። እንግሊዝ በ1987 ተከተለች።

አሁን ሆርሞን ወደሚለው ቃል ልምጣ። ይህ ቃል ለብዙ እናቶቻችን እንግዳ አይደለም፤ ወደ ጆሯቸው የገባው ግን በመርፌ በኩል ነው። ዴፖ ፕሮቬራ ስለተባለው፣ እርግዝናን ለሦስት ወር ስለሚከለክለው መርፌ በኅብረተሰባችን ብዙ ተብሏል። በ2012 መጨረሻ ጉዳዩ በቴሌቪዥን ቀረበ፤ በጥር 2013 የጤና ሚኒስቴር ለአራቱም ቁፓት ሆሊሞች ደብዳቤ ጻፈ። ሴትየዋ የመድኃኒቱን ሥራ በሚገባ አልተረዳች ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ካለ ትእዛዙ እንዳይታደስ፣ አስፈላጊ ከሆነም በአስተርጓሚ እንድትጠየቅ የሚል ነው። በ2016 የመንግሥት ተቆጣጣሪው ተገዶ ስለመሰጠቱ ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። ያንን ክርክር ዛሬ አልከፍተውም። ያነሣሁት ሆርሞን ሲባል የሚሰማችሁን ነገር ስለማውቅ ነው። ሆርሞን ራሱ መርዝ አይደለም። ሁላችንም ሞልቶብናል፤ ያለ እርሱም አንኖርም።

ሆርሞን በሰውነት ውስጥ የሚላክ ደብዳቤ ነው ብላችሁ አስቡት። ከአንዱ የሰውነት ክፍል ይነሣል፣ በደም ይጓዛል፣ ወደ ታዘዘበት ይደርሳል። «እደግ»፣ «በቃህ»፣ «ጡት ወተት ይያዝ»፣ «ጢም ይብቀል» ይላል። ደብዳቤው የሚገባበት የራሱ የፖስታ ሣጥን አለው፤ በሌላ ሣጥን አይገባም። ቲቢቲ ያደረገው ምንድን ነው? የጃፓን ተመራማሪዎች በ2004 እንዳሳዩት፣ በቀንድ አውጣዋ ሴሎች ውስጥ ካሉት የፖስታ ሣጥኖች አንዱ ውስጥ ልክ እንደ እውነተኛው ደብዳቤ ገጥሞ ይገባል። ሰውነቷ ያነበዋል፤ «የወንድ አካል አብቅል» የሚል ነው። ማን እንደ ጻፈው አይጠይቅም፤ የታዘዘውን ይሠራል። እኛስ በዕብራይስጥ የተጻፈ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲመጣልን ሳናነበው ፈርመን የለ?

ለልጃችን ጥያቄ መልሱ ከዚሁ ይወጣል። ያ የፖስታ ሣጥን በእኛም ሰውነት ውስጥ አለ፤ በእኛ ውስጥ ግን ብልት አብቅል የሚል ትእዛዝ አይቀበልም። የሰው ልጅ የሴትነትና የወንድነት አካል የሚሠራው በእናቱ ማሕፀን፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ዛጎል ስለነካች፣ በባሕርም ስለዋኘች ወንድ አትሆንም። በቃ። ይህን በሙሉ አፌ እናገራለሁ።

«እኛ ደግሞ ቀንድ አውጣም ኦይስተርም አንበላም፤ ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ በኦሪት ሕግ ከውሃ የሚበላው ክንፍና ቅርፊት ያለው ብቻ ነው፤ አባቶቻችንም ይህን ጠብቀው ኖረዋል። ይሁን እንጂ ነገሩ የፈረንጅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ጊል ሪሎቭና ባልደረቦቹ በዚሁ በእስራኤል ጠረፍ የሚኖሩ ሁለት ዓይነት ቀንድ አውጣዎችን መርምረው በ2000 ውጤቱን አሳተሙ። በዚያን ጊዜ እዚህ ቀለሙን የሚቆጣጠር ሕግ አልነበረም። በወደቦችና ማሪና በሚባሉት የመዝናኛ ጀልባ ማቆሚያዎች አካባቢ የመርዙ መጠን ከፍተኛ ሆኖ አገኙት። በሁለቱም ዓይነት ላይ ሴቶቹ የወንድ አካል አብቅለዋል።

ከሁለቱ አንደኛዋን ሳታውቋት አታውቋትም አልልም። ሙሬክስ ትባላለች፤ ግራጫና ቡናማ መስመር ያለው፣ እሾህ እሾህ የሚል ዛጎል አላት። ከውስጧ ካለች ትንሽ ዕጢ የሚወጣው ፈሳሽ ነፋስና ፀሐይ ሲነካው ሐምራዊና ሰማያዊ ቀለም ይሆናል። በኦሪት ለድንኳኑ መጋረጃና ለካህኑ ልብስ የታዘዘው፣ በልብስ ጫፍ በሚታሰረው ክር ላይም የሚገባው ትኼሌት የተባለው ሰማያዊ ከዚህች ቀንድ አውጣ የተገኘ ነው ብለው ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ። ሁሉም ራቢዎች አልተስማሙበትም። ግን በቲምና በረሃ የተገኘ፣ ከ3000 ዓመት በፊት በንጉሥ ዳዊት ዘመን ገደማ የተነከረ ሱፍ ሲመረመር ቀለሙ ከእንዲህ ያሉ የባሕር ቀንድ አውጣዎች የመጣ መሆኑ በ2021 ተገልጿል። ለዚያን ጊዜ ሰው ከወርቅ የማያንስ ነገር ነበር። እኛ በዘመናችን ጀልባ እንዳይሻክር ብለን ማሕፀኗን ደፈንነው። እኔ ሃይማኖት ለመስበክ አልመጣሁም፤ ይህን ሳነብ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ቀለሙ ዛሬ ታግዷል። በ2001 ለንደን ላይ መንግሥታት ተሰብስበው ስምምነት አደረጉ። ስምምነቱ ከ2003 ጀምሮ በአዲስ እንዳይቀባ፣ ከ2008 ጀምሮ ደግሞ በመርከብ ላይ ጭራሽ እንዳይገኝ የሚል ሲሆን፣ በመስከረም 2008 በሥራ ላይ ዋለ። በእንግሊዝና በኖርዌይ ጠረፍ ቀንድ አውጣዎቹ አገግመዋል፤ ባዶ በነበሩ ድንጋዮች ላይ እንደገና ታይተዋል። እኛ ዘንድ ግን ታሪኩ እንዲህ ደስ በሚል አልተፈጸመም። ሪሎቭ ካጠናቸው ሁለተኛዋ፣ የዛጎሏ አፍ ቀላ ያለችው፣ ቀድሞ በዚህ አገር ዓለት ላይ በብዛት የነበረች ናት። በ2016 ባወጣው ጽሑፍ ግን ቁጥሯ እንደ ተመናመነ፣ ሌሎችም የባሕር እንስሳት አብረው እንደ ጠፉ ገልጿል። የዚህኛው ዋና ተጠርጣሪ የባሕሩ መሞቅ ነው። ሁሉንም ጥፋት በቀለሙ ላይ መጫን አይገባም። አንዱን ጠላት ስናባርር ሌላው በጓሮ ገብቷል።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። ለእናንተ ከቀንድ አውጣዋ ታሪክ የሚጠቅማችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ትንሽ ነው ተብሎ የሚናቅ መጠን ሆርሞን ላይ ሲደርስ ትንሽ አይደለም። ሁለተኛው፣ ጊዜው ነው። ለሰው ልጅ ከሁሉ የሚያሰጋው ጊዜ በማሕፀን ያለበት ነው። ለዚህ መራራ ምስክር አለ። ከ1940ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካና በሌሎች አገሮች ዲኢኤስ የሚባል ሰው ሠራሽ ሆርሞን፣ ፅንስ እንዳይወርድ ይረዳል ተብሎ ለነፍሰ ጡሮች ይሰጥ ነበር። እናቶቹን ወዲያው አላሳመማቸውም። በ1971 ግን ሐኪሞች፣ ያን ጊዜ በማሕፀን የነበሩት ሴቶች ልጆች አድገው በወጣትነታቸው ከስንት አንዴ የሚታይ ዓይነት ካንሰር ሲይዛቸው ደረሱበት። ደብዳቤው የተላከው ለእናትየው ነበር፤ ያነበበችው ልጅቷ ናት።

ከኢትዮጵያ የምናውቀው ዲዲቲም ከዚሁ ወገን ነው። ለወባ ተብሎ ቤታችን ተረጭቷል፤ ከመንግሥት መጋዘን ሾልኮ በገበያ የተሸጠውን ደግሞ ለትኋንና ለቅማል፣ ለእህልም ጭምር ያልተጠቀመበት ጥቂት ነው። ነጭ ዱቄቱን በእጃቸው የበተኑ እናቶች ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። ዲዲቲ በሰውነት ስብ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል፤ የሆርሞንንም ሥራ ያውካል። በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከተሞች የተደረገና በ2013 የታተመ ጥናት በእናት ጡት ወተትና በላም ወተት ውስጥ አግኝቶታል። ይህን ሰምታችሁ ማጥባት እንዳታቆሙ! የጡት ወተት ጥቅሙ ከዚህ ሁሉ እንደሚበልጥ ሐኪሞች የተስማሙበት ነው። የምላችሁ ከእንግዲህ ሌላ አትጨምሩበት ነው። ለበረሮ ብላችሁ ከገበያ ስም የሌለው ጠርሙስ አትግዙ፤ ከኢትዮጵያም በሻንጣ አታስመጡ። ፈቃድ ያለው መድቢር ጥሩ፤ በቤቱ ነፍሰ ጡርና ሕፃን እንዳለ አስቀድማችሁ ንገሩት። ወጪው ይከብዳል፣ አውቃለሁ። አንድ ቤት ብቻ ቢረጭ በረሮው ወደ ጎረቤት ስለሚሻገር፣ የአንድ ሕንፃ ሰዎች ሆናችሁ ብታዋጡ ይቀላል፤ ውጤቱም ይሻላል።

ሌላው የወጥ ነገር ነው። ሁላችንም የአይስክሬምና የሑሙስ ባዶ ዕቃ አጥበን እናስቀምጣለን፤ ለሻባት የተሠራውን ወጥ ከምድጃ እንደ ወረደ እንገለብጥበታለን። ትኩስ ቅባትና በርበሬ ፕላስቲክ ላይ ሲያርፍ ከፕላስቲኩ የሚለቀቅ ነገር አለ፤ አንዳንዱ ሆርሞንን የሚመስል ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ቢስፌኖል ኤ የተባለውን ከሕፃናት ጡጦ ያስወጣው በዚህ ሥጋት ነው። ዕቃውን መጣል አያስፈልግም፤ ሽንኩርትና ምስር አስቀምጡበት። ትኩሱን ወጥ በብርጭቆ ወይም በብረት ዕቃ፣ ሚክሮጋል ውስጥም በሸክላ ወይም በብርጭቆ ሳህን አድርጉት። ይህ አንድ ሼኬል አያስወጣም።

ስለ መንገድ ዳር ፍሳሽም አንድ ቃል ልበል። በዚህ አገር የሽንት ቤትና የወጥ ቤት ፍሳሽ የሚሄደው ወደ ማጣሪያ ነው። በአስፋልቱ ጠርዝ ያለው የዝናብ ማስተላለፊያ ግን ሳይጣራ ወደ ወንዝና ወደ ባሕር ይወርዳል። የመኪና ዘይት፣ የተረፈ ቀለም፣ የቀለም ብሩሽ የታጠበበት ውሃ እዚያ ሲደፋ ዐይቻለሁ። ከኪርያት ሀሻሮን ባሕሩ አይታይም፤ ከመንገዳችን የወጣው ግን ይደርሰዋል።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች ለሌሎችም የሚጠቅሙትን ከዚህ በታች ጽፌአለሁ።

አንድ አባት ጀልባ በሚጠገንበት ቦታ እንደሚሠራና አሮጌ ቀለም እንደሚፍቅ ነግሮን፣ ያሰጋኛል ወይ አለ። አዎን፣ ሊያስብበት ይገባል። አዲሱ ቀለም ሌላ ቢሆንም በአሮጌ ጀልባ ላይ ከሥር ያለው ንብርብር የድሮው ሊሆን ይችላል፤ የዛሬው ቀለምም ቢሆን መዳብና ሌላ መርዝ አለበት። ያለ መሸፈኛ አትፋቅ፤ ተራ የጨርቅ ማስክ ሳይሆን ለቀለም ብናኝ የተሠራውን መተንፈሻ አሠሪው እንዲሰጥህ ጠይቅ፤ መጠየቅ መብትህ ነው። የሥራ ልብስህ ከሕፃናት ልብስ ጋር አንድ ላይ አይታጠብ። የተፋቀውም ወደ ባሕሩ አይጠረግ። ደብዳቤ መጻፍ ካስፈለገ እኛ በዕብራይስጥ እንጽፍልሃለን።

ዓሣ እንብላ ወይስ እንተው ያሉ ብዙዎች ነበሩ። ብሉ! በሱፐርማርኬት የምናገኘው አምኖንና ካርፕ አብዛኛው በኩሬ የረባ ነው። ሰርዲንም ትንሽ ዓሣ ስለሆነ በሰውነቱ የሚያጠራቅመው መርዝ አነስተኛ ነው። ሜርኩሪ የሚባለው መርዝ የሚከማቸው ሌላ ዓሣ እየበሉ ረጅም ዕድሜ በሚኖሩ ትልልቅ ዓሦች ውስጥ ነው። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ከእነዚህ ራቁ፤ የትኛው እንደሆነ በቲፓት ሐላቭ ነርሷን ጠይቁ። በወደብ ውስጥና በማሪና አጠገብ በመንጠቆ የተያዘ ዓሣ ሰው ቢሰጣችሁ አመስግናችሁ ተዉት።

አንድ አያት ደግሞ «ታዲያ ባሕሩ አይፈራም ማለትህ ነው?» አሉኝ። እኔስ እፈራዋለሁ፤ የምፈራው ግን ቀለሙን አይደለም፤ ማዕበሉን ነው። እኛ የደጋ ሰዎች ነን፤ ዋና የሚያውቅ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ልጆቻችሁ ማጺል በሌለበት ቦታና ሰዓት አይግቡ፤ ጥቁር ባንዲራ ከተሰቀለ ጉልበት ድረስም ቢሆን አይሞከርም። ከገደሉ ሥርም አትቀመጡ፤ የናታንያ ገደል ይናዳል።

በመጨረሻ የጠየቀችው ያቺው ልጅ ነበረች። ከኋላ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ስትሰማ ቆይታ፣ ዛጎል መልቀም ይፈቀዳል ወይ አለች። ባዶውን፣ ውስጡ ሕይወት ያለው ነገር ከሌለ፣ ይፈቀዳል፤ ቤት ስትደርሺ እጅሽን ታጠቢ። «የእኔን እማዬ ጥላብኛለች» አለች። እናትየው ራሷ ከሁሉም ቀድማ ሳቀች። የሚቀጥለው ጉዞ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከሰዓት በኋላ በ4 ሰዓት ከአዳራሹ በር ይነሣል። ባርኔጣ፣ የሚጠጣ ውሃና ለዛጎል የሚሆን ከረጢት ይዛችሁ ኑ።